ለሮቶና ለጄሪካን ውሃ የቱ ክሎሪን ይሻላል? የእኔ ጥቆማ

አንዲት እህታችን «ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ ሮቶ ውስጥ ይከርማል። ለልጆቼ ምን ልጨምርበት?» ብላ ጠይቃ ነበር። እኔ ሁሉንም ስለሞከርኳቸው ልመልስልሽ።

ለቤት የምመርጠው «ውሃ አጋር» የሚባለውን ክሎሪን ነው። ፈሳሽ ነው፣ በክዳኑ ይለካል፣ ለመጠጥ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ወደ ጄሪካን ቀድተሽ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሪና ግማሽ ሰዓት ታገሺ። ክሎሪኑ ጀርሙን የሚገድለው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ጨምረን ወዲያው እንቀዳለን። ሽታው ካስጠላሽ ከንጹህ ዕቃ ወደ ንጹህ ዕቃ እያገላበጥሽ አናፍሺው።

ለመንገድ አኳታብስ ይሻላል። እንክብል ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ አይፈስም። መጠኑ ስለሚለያይ እሽጉን አንብቢ፤ ባለ 67 ሚሊ ግራሟ ለ20 ሊትር ጄሪካን ናት።

ክረምት ላይ ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል። ያኔ ቢሻን ጋሪ ግዢ። ዱቄቱ ቆሻሻውን ወደ ታች ያዘቅጠዋል፣ ክሎሪንም አለው። በጨርቅ ማጥለሉ ግን ሥራ ይበዛዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሎሪን ለባክቴሪያ ጎበዝ ነው፣ ለጃርዲያና ለአሜባ ግን ይደክማል። ሕፃን ካለሽ አፍልተሽ አቀዝቅዢለት።

«በረኪናም ክሎሪን አይደል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ነው። ግን የተሠራው ለልብስና ለወለል ነው። ሽቶ የገባበት አለ፣ ጥንካሬው ይለያያል፣ ሲቆይም ኃይሉ ይቀንሳል። ለመጠጥ አልመክርም። ለሽንት ቤት ግን ከውድ ማጽጃዎች አላሳንሰውም።

ብቻ እባካችሁ ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉት። እኔ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግቼ፣ አድርጌዋለሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ደረቴ ተጨመደደ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳልኩ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ በ1915 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ በወታደሮች ላይ የለቀቁት ያው ጋዝ። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ጎንበስ ብሎ የሚፈትግ ሰው ይስበዋል። ከገጠማችሁ ሁሉንም ጥላችሁ ወደ ንጹህ አየር ውጡ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

በረኪናን ደግሞ ሃይላንድ ውስጥ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል።