ነጩ የታኅሣሥ ክሮከስ ሃየማሊስ ነው ወይስ ኦክሮሌውከስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እስራኤል ውስጥ ከችግኝ መሸጫ የተገዛ ነጭ ክሮከስ (ከመሬት በታች ካለ ድቡልቡል ግንድ የሚበቅል ትንሽ አበባ) አበበ፤ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ግን ጠፍቷል። ሃየማሊስ ወይም ኦክሮሌውከስ የተባለው ዝርያ መሆኑን በምን ልለየው? ሁለተኛው እምቡጥ ደግሞ ሳይከፈት ሻገተ።

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የአበባውን ጉሮሮ (የውስጡን ታች) ገልጠህ እይ። ብናኝ የያዙት ወንዴዎች ጥቁር ከሆኑ ሃየማሊስ ነው። ነጭ ከሆኑና ጉሮሮው ብርቱካናማ ቢጫ ከሆነ ኦክሮሌውከስ ነው። በሃየማሊስ የቅጠለ አበባ ጀርባ ላይ ሐምራዊ ጅማትም ይታያል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ስለሚደበዝዝ በእሱ ብቻ አትፍረድ። ከሁሉ በፊት ወንዴዎቹን ቁጠር፦ ክሮከስ 3 ነው ያለው። 6 ካገኘህ ክሮከስ የሚመስለው መርዛማ አበባ፣ ኮልቺከም ነውና ከልጆች አርቀው።

መልስ 2፦ ሻጋታው የመጣው አበባው በደመናና በብርድ ተከድኖ ስለሚቆይ፣ ውስጡም እርጥበት ስለሚታመቅ ነው። ፀሐይና ነፋስ ያለበት ቦታ አውጣው፤ ከላይ አታጠጣ። የሻገተውን ከአፈር በላይ ቁረጥ። እንቁልጢው (ዘር የሚይዘው የአበባው ክፍል) ከመሬት በታች ስለሆነ ዳብሮ ከነበረ ዘሩ አይጎዳም፤ ፍሬው ብርዱ ሲያልፍ ራሱ ብቅ ይላል። ከዘር እስከ አበባ ግን 3 ወይም 4 ዓመት መታገስ ነው።

መልስ 3፦ ለማሰሮው 2 እጅ ደቃቅ ጠጠር፣ 1 እጅ የአትክልት አፈር፣ 1 እጅ የበሰበሰ ቅጠል ደባልቅ፤ ኮርሙን (ድቡልቡሉን የመሬት ውስጥ ግንድ) 7 ሴንቲ ሜትር ቅበር። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውኃ አቁም፣ እስከ መስከረም ማብቂያ ይድረቅ። በዚህ የድርቀት ጊዜ የሚያጠጣ ሰው ኮርሙን ያበሰብሳል። ከዱር ግን አትቆፍር፤ እዚያ አገር በሕግ የተጠበቀ ነው።