የዘጠኝ ወር ሪፖርት ላቀርብ ነው፤ ድምፄ ግን ይከዳኛል

ሰንጋ ተራ ነኝ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ፊት ቆሞ መናገር ግን አሁንም ያስለቅሰኛል። የምሠራው ዕቅድና በጀት ክፍል ነው፤ ሜክሲኮና ሰንጋ ተራ መሃል ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ። ኤክሴል ላይ ቀኑን ሙሉ ብታስቀምጡኝ አይደክመኝም። ማይክ ስጡኝና ጉዴን እዩ።

የግማሽ ዓመቱን ሪፖርት ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አዳራሹ ውስጥ ወደ 40 ሰው ነበር። ሁለተኛው ስላይድ ላይ ድምፄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላ አንድ ሰውዬ "አይሰማም!" አለ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ስላይዱን እንደ ዳዊት ደግሜው ወረድኩ። ለሁለት ሳምንት የመሥሪያ ቤቱ ካፌ አልገባሁም። ምሳዬን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር የምበላው።

አሁን ደግሞ የዘጠኝ ወሩ ደረሰ። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። 15 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ምን ላድርግ? ጭንቅላቴ ባዶ ሲሆንስ? ለአለቃዬ ልንገረው ወይስ ልደብቀው? አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ለማይግሬን የምትወስደውን ፕሮፕራኖሎል "ግማሿን ዋጪ፣ ልብሽ ጸጥ ይላል" ብላ ሰጥታኛለች። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ልዋጠው?

"በራስሽ ተማመኚ" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ። ብተማመን ኖሮ እዚህ ምን አመጣኝ?

ዝምተኛው

የሕመም ፈቃድ ውሰጂ። ቀልዴን ነው። ማለቴ ግማሹ ቀልድ ነው። እኔ ሁለቴ ወስጃለሁ።

ፋርማሲስቷ

ከመድኃኒቱ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። አትዋጪው።

ጓደኛሽ ከሜዳ ተነስታ አልተናገረችም። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል። ልብ የሚደልቀውና እጅ የሚንቀጠቀጠው በሱ ነው። ፕሮፕራኖሎል ያንን ይጋርዳል። ሐኪሞች ለመድረክ ፍርሃት የሚያዙበት ጊዜም አለ። ግን ሐኪሙ አይቶ፣ ጠይቆ ነው። የልብ ምቱ ከወትሮው ዝግ ያለ ወይም ግፊቱ ዝቅ ያለ ሰው ቢወስደው ራሱን ሊያዞረው፣ ሊጥለው ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀውን የልብ ምት ይደብቅበታል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ አስም ነው፤ የአየር ቧንቧውን ያጠበዋል። አስም ነበረብሽ ወይ? በልጅነትሽም ቢሆን።

ሰንጋ ተራ ነኝ

ኧረ አሁንም አለብኝ! ክረምት ክረምት ፓፍ እጠቀማለሁ። እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አላሰብኩትም። የጻፍሽውን ሳነብ ልቤ ቀጥ አለ።

ፋርማሲስቷ

በይ ዛሬውኑ መልሺላት። ሪፖርት በምታቀርቢበት ቀን ጠዋት ስንት ቡና ትጠጫለሽ?

ሰንጋ ተራ ነኝ

ሁለት ማኪያቶ። አንዳንዴ ሦስት። ለመንቃት።

ፋርማሲስቷ

ልብሽ ገና ከቤት ስትወጪ እየሮጠ ነው፤ አንቺ ደግሞ ጅራፍ ትጨምሪበታለሽ። ሐሙስ ቁርስ በደንብ ብዪ፣ ውሃ ያዢ። ማኪያቶውን ካቀረብሽ በኋላ ትደርሺበታለሽ። አፍሽ መድረቁ አይግረምሽ፤ ሰውነት ሲፈራ ምራቅ ይቀንሳል። ጎንጨት እያልሽ ቀጥዪ።

የሳይት ሰው

ስለ ድምፅ እኔ ልንገርሽ። ኢንጂነር ነኝ። በፊት ስናገር እንደ ፍየል ነበር የምንቀጠቀጠው።

የከዳሽ ጉሮሮሽ አይደለም፣ ትንፋሽሽ ነው። ሰው ሲፈራ ትንፋሹ ደረቱ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። አየር ሲያጥር ድምፅ ይቀጥናል፣ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ስምሽ ከመጠራቱ በፊት፣ ወንበርሽ ላይ እንዳለሽ፣ አራት እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ ሳቢ። ከዚያ ስድስት ወይም ስምንት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ በአፍሽ አስወጪ። ማስወጣቱ ይርዘም፤ ልብ ረገብ የሚለው ያኔ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ድገሚው። ማንም አያውቅብሽም።

ለዚያ "አይሰማም" ላለሽ ሰውዬ ደግሞ መድኃኒቱ መስቀል አደባባይ ነው። የምሬን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሂጂ። ደረጃው ላይ ሯጮች አሉ። እነሱ ይቆጥራሉ፣ ይጮኻሉ። እዚያ መሃል ስለ በጀት አፈጻጸም ብትጮኺ ዞሮ የሚያይሽ የለም። ከሰው ጋር ነው የምትሄጂው ግን። ሰውየው ብዙ ደረጃ ወርዶ ይቁም። አንቺ ከላይ ሆነሽ አንብቢ። በማይሰማው ጊዜ እጁን ያንሳ። እኔ ወንድሜን ነበር የማቆመው። መጀመሪያ ቀን እጁን ጨርሶ አላወረደም፤ ሰላምታ የሚሰጠኝ ነበር የሚመስለው። በሳምንቱ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ጮኸሽ መናገር አይደለም የምትማሪው። እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ መላክ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

የድሮ የቅኔ ተማሪ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፒያሳ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው። በልጅነቴ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበርኩ። የአንቺን ነገር ሳነብ ያ ትዝ አለኝ።

ቅኔ ቤት ለጀማሪ መወድስ አይሰጠውም። በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው። ሁለት ቤት ብቻ። ቀኑን ሙሉ ቅኔውን ሲቆጥር፣ በልቡ ሲያዘጋጅ ይውልና መጥቶ መምህሩ ፊት ይናገራል። ይታረማል። ጓደኞቹም ይስቁበታል። ነገም ያንኑ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ቤት ሲቀናው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ሦስት ቤት ነው። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ተስቆበታል መሰለሽ። ያን ጊዜ ግን ሳቁን ለምዶታል።

አንቺ ዓመቱን ሙሉ ዝም ትያለሽ። ከዚያ በአንድ ጊዜ 40 ሰው ፊት 15 ደቂቃ። ይሄ ያለ ጉባኤ ቃና መወድስ ነው። ማንም ይወድቃል።

እስከ ሐሙስ ድረስ በየቀኑ ሁለት ቤት ፈልጊ። የክፍላችሁ ስብሰባ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ሌላው ሲያቀርብ እጅሽን አውጥተሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ። እቁብ ካለሽ እዚያ ተናገሪ። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት የምታፍሪ ከሆነም ከሱ ጀምሪ።

ሰንጋ ተራ ነኝ

ጋሼ፣ እንዴት አወቁብኝ? አጠገቤ ያለው ሰው "ወራጅ" እስኪልልኝ ነው የምጠብቀው። አንድ ቀን ሜክሲኮ መውረድ ሲገባኝ ሳር ቤት ደርሻለሁ።

ስልክ ጠባቂ

ሁሉንም ቃል በቃል ሸምድጂው። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ወረቀት እንኳን አልይዝም።

አለቃ ነኝ

አይ፣ በዚህ አልስማማም። የሸመደደ ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋበት ሁሉም ነው የሚጠፋበት። ብዙ አይቻለሁ። የመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻዋ ይሸምደዱ። መሃሉ በቁልፍ ቃል ይያዝ።

ስብሰባ የምመራ ሰው ነኝና ከወንበሩ በዚያ በኩል ያለውን ልንገርሽ። አዳማጩ የሚያይሽ አንቺ የምታስቢውን ያህል አይደለም። አንቺ ልብሽን ትሰሚያለሽ፤ እኛ አንሰማውም። ሳቪትስኪና ጊሎቪች የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል። ተናጋሪዎቹ ፍርሃታቸው ለአድማጭ ከሚታየው በላይ የታየባቸው ይመስላቸው ነበር። ይህ እንደሆነ አስቀድሞ የተነገራቸው ደግሞ የተሻለ ተናገሩ። በኔ አዳራሽ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሰው ስልኩን ነው የሚያየው።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ንገሪው። በጊዜ ግን። የዕለቱ ጠዋት የሚነግረኝ ሰው ችግር ነው ያመጣብኝ፤ ከሳምንት በፊት የሚነግረኝ ግን መፍትሔ እንድፈልግ ዕድል ሰጠኝ። "አልችልም" አትበይ። "እንዲህ ቢደረግልኝ በደንብ አቀርባለሁ" በይ። ለምሳሌ ቀድመሽ እንድታቀርቢ ጠይቂ። ተራ መጠበቅ ነው ሰውን የሚገድለው።

አሁን አንድ ጥያቄ፤ ስላይዱ ስንት ነው?

ሰንጋ ተራ ነኝ

31።

አለቃ ነኝ

ምን? 31 ስላይድ በ15 ደቂቃ? አንዱ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል፤ እየሮጥሽ እኮ ነው የምታወሪው።

ዘጠኝ ወይም አሥር አድርጊው። ሰንጠረዡን አባዝተሽ በወረቀት አድዪ። እያንዳንዱ ስላይድ ላይ ምን ታቀደ፣ ምን ተሠራ፣ ለምን ጎደለ። ቤቱ የሚፈልገው ሦስተኛውን ነው። ሁሉም ግን ሁለተኛው ላይ ቁጥር ሲያነብ ጊዜው ያልቅበታል።

ሌላም አለ። "ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራንና ክቡራት" የሚለውን ነገር ሰው ሁሉ ይሰለቸዋል። እኔም ይሰለቸኛል። ለፈሪ ተናጋሪ ግን ነፃ ስጦታ ነው። ማንም አያዳምጠውም፣ አንቺ ደግሞ ድምፅሽን ታሟሙቂበታለሽ። ቀስ ብለሽ በዪው።

ጭንቅላትሽ ባዶ ሲሆን ዝም በዪ። ውሃ ጠጪ፣ ስላይዱን እዪ፣ ቀጥዪ። ሦስት ሰከንድ ላንቺ ዓመት ነው፤ ለኛ ምንም። የማታውቂው ጥያቄ ከመጣም "አጣርቼ እስከ ነገ እመልሳለሁ" ማለት ነው። ካልሽ ግን በማግስቱ መልሺ።

የክለብ ልጅ

ቶስትማስተርስ የሚባል የንግግር መለማመጃ ማኅበር አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳንታ አና፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። አዲስ አበባም ክለቦች አሉት። ተዘጋጅተው የሚናገሩ አሉ፤ ሳይዘጋጁ ድንገት ርዕስ ተሰጥቷቸው አንድ ሁለት ደቂቃ የሚናገሩም አሉ። አንዱ ሰዓት ይይዛል፤ አንዱ "እእእ" ያልሽበትን ይቆጥራል። መጀመሪያ ቀን የኔ 23 ነበር። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጭብጨባውም ትንሽ ይበዛል፣ እሱን ትለምጂዋለሽ። ለዚህኛው ሐሙስ አይደርስልሽም። ለሐምሌው ዓመታዊ ሪፖርት ግን ይደርሳል። ጋሼ ያሉት ሁለት ቤት ማለት ይሄ ነው።

ፋርማሲስቷ

ሁለት ሳምንት ካፌ አልገባሁም ያልሽው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከሪፖርት ውጭስ? ስልክ ማንሳት መፍራት፣ ሰው ፊት መብላት መፍራት፣ ዕድገት ሲመጣ እምቢ ማለት፤ እንዲህ ያለ ነገር ለወራት ካለ፣ ይሄ ዓይን አፋርነት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሕክምና አለው። በንግግር ነው፣ የሚያስፈራሽን ነገር ደረጃ በደረጃ እየተለማመድሽ። ጥቁር አንበሳ የሥነ አእምሮ ክፍል አለ፤ ሳይኮሎጂስት ዘንድም መሄድ ይቻላል። "አበደች" የሚል ሰው ካለ ለኔ ላኪው።

ሰንጋ ተራ ነኝ

እሱ እንኳን የለብኝም። ካፌውን የተውኩት ያ ሰውዬ እዚያ ስለሚበላ ነው።

ሰንጋ ተራ ነኝ (ከአሥር ቀን በኋላ)

አቀረብኩ!

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መድኃኒቱን መለስኩ። ጓደኛዬ ትንሽ ተቀየመች፣ አስሙን ስነግራት ግን ደነገጠች። ሰኞ ለአለቃዬ ነገርኩት። ብዙ ያጽናናኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ታዲያ ስላይዱን ለምን አታሳጥሪውም?" አለኝ። በቃ። መጀመሪያ ላይ እንዳቀርብ ግን ፈቀደ።

መስቀል አደባባይ ከእህቴ ጋር ሦስት ቀን ሄድን። በመጀመሪያው ቀን እጇን 11 ጊዜ አነሳች። በሦስተኛው ቀን ሁለቴ፤ አንዷ ለማከክ ነበር ብላለች። አንድ ሯጭ ቆም ብሎ "የውስጥ ገቢው ለምንድን ነው የቀነሰው?" ብሎ ጠየቀኝ። መለስኩለት። ያ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ነበር።

ሐሙስ እጄ ተንቀጥቅጧል፤ አልዋሽም። ወረቀቱ ኮሽ ኮሽ ሲል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "ክቡራንና ክቡራት"ን በጣም ቀስ ብዬ ስላልኩት አንዳንዱ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ድምፄ እስከ ሁለተኛው ስላይድ ትንሽ ተሰብሯል። ከዚያ የጎደለው ለምን እንደጎደለ ስናገር ፍርሃቱን ረሳሁት፤ ያንን ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ የለማ። ስድስተኛው ላይ የማይኩ ባትሪ አለቀ። ቴክኒሻኑ እስኪመጣ ልጠብቅ አልኩና ተውኩት፣ ዝም ብዬ ቀጠልኩ። "አይሰማም" ያለ የለም። የነዳጅ ወጪ ላይ የማላውቀው ጥያቄ መጣ። "አጣርቼ እስከ ነገ" አልኩ። ዛሬ ጠዋት በኢሜይል ልኬዋለሁ።

ማኪያቶውን የጠጣሁት ካፌ ገብቼ ነው። ያ ሰውዬ ከፊቴ ተሰልፎ ነበር። ሰላም አለኝ። የሚያስታውሰኝም አልመሰለኝም።

የድሮ የቅኔ ተማሪ

ጎሽ ልጄ! ታክሲውስ?

ሰንጋ ተራ ነኝ

ትናንት "ወራጅ አለ" ብያለሁ ጋሼ። ረዳቱ ግን አልሰማኝም። ደግሜ አልኩት።

ዝምተኛው

እኔ ማክሰኞ አለኝ። 26 ስላይድ።

አለቃ ነኝ

ስንቱን ትቆርጣለህ?