ትረካ የሰማ ሰው «አንብቤዋለሁ» ማለት ይችላል?

አስጀማሪው፦ ሰሞኑን አንድ ልጅ «ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቤ ጨረስኩ» ብሎ ፎቶ ለጠፈ። ፎቶው ላይ ያለው ስልክና ማዳመጫ ብቻ ነው። ግማሹ እንኳን ደስ አለህ አለው፣ ግማሹ «ሰማሁ በል እንጂ» ብሎ ወረደበት። ስለዚህ እንከራከርበት። የታወቁ ልብ ወለዶችን በትረካ የሰማ ሰው አንብቧል ይባላል ወይስ አይባልም? ስድብ የለም።

ነጭናጫው፦ አይባልም። አለቀ። ስታነብ ሥራው ያንተ ነው። የበዛብህን መልክ ራስህ ትስላለህ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ ራስህ ትሰማዋለህ። በትረካ ግን ያንን ሁሉ ሌላ ሰው ሠርቶልህ አንተ ዕቃ እያጠብክ ትቀበላለህ። መጽሐፉን በሬዲዮ የተረከውን ወጋየሁ ንጋቱን እወደዋለሁ፣ የማይወደው ማን አለ? ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ብዙ ሰው ጉዱ ካሳን ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣበት የወጋየሁ ድምፅ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ጽሑፍ ከኋላ ነው የሚከተለው።

ሹፌሩ፦ እና ምን ይጠበስ? ወጋየሁ ጉዱ ካሳን ከኪሱ አላወጣውም። እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ፣ ማታ ስገባ ዓይኔ ሁለት ገጽ አይሸከምም፣ ሰብለወንጌልን ያወቅኳት መንገድ ላይ ነው፣ አልቅሼላታለሁም። ዕቃ እያጠቡ መስማት ነውር ከሆነ፣ ተኝቶ እያዛጉ ማንበብስ?

አስተማሪዋ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ መጽሐፍ 1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው ጠብቀው የሚነበቡትን ፊደሎች ከላያቸው ነጥብ አድርገውባቸዋል። የአማርኛ ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፣ አንባቢው ራሱ ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል። እሳቸው ግን ለግምት መተው አልፈለጉም። እንግዲህ እንዲህ የሚጨነቅ ደራሲ መጽሐፉ በጆሮ እንዲሰማ አልፈለገም ትሉኛላችሁ? እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ጮክ ብለው ሲያነቡ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው አውቃለሁ። ትንፋሹን የሚቆርጥበት ቦታ ያሳብቅበታል። ጥሩ ተራኪ ማለት መጀመሪያ በደንብ ያነበበ ሰው ነው።

ነጭናጫው፦ እሱማ የእኔን ነጥብ ነው ያጠናከሩልኝ። ተራኪው አንብቧል። ሰሚው ደግሞ የተራኪውን ንባብ ሰምቷል። ጉዱ ካሳ ስለ ሥርዓቱ ሲናገር እኔ ቆም ብዬ እመለሳለሁ፣ አሰምርበታለሁ፣ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። ሹፌሩ መገናኛ ላይ መልሶ ያሰምራል?

ሹፌሩ፦ መገናኛ ላይማ መጨናነቁ ራሱ ጊዜ ይሰጥሃል ወንድሜ 😂

በጆሮ አንባቢ፦ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ዝም ብዬ ስከታተል ነበር። በብሬል የሚገኘው የአማርኛ ልብ ወለድ ከጣት ቁጥር ብዙም አይርቅም። ያደግኩት በሬዲዮ ነው፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲመጣ ቤት ውስጥ ማንም አያወራም ነበር። በእናንተ ሚዛን እኔ አንድም ልብ ወለድ አላነበብኩም ማለት ነው?

ነጭናጫው፦ ኧረ አንተን አይመለከትም። የእኔ ወቀሳ ማንበብ እየቻለ የሚሰንፈውን ነው።

በጆሮ አንባቢ፦ ለምን አይመለከተኝም? ይህ ልዩ አስተያየት ምንድነው? ያው ቃል፣ ያው ታሪክ በጆሮዬ ሲገባ ንባብ ከሆነ በሹፌሩም ጆሮ ንባብ ነው። ካልሆነም ለእኔም አይደለም በል፣ ደፍረህ። አዘኔታ አልጠየቅኩም። ደግሞ መመለስና ማቆም እኔም እችላለሁ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው።

ሕግ ቀመስ፦ እናንተ ዓይንና ጆሮ ላይ ተጣልታችኋል፣ ዋናው ጉዳይ ተረሳ። ያ ልጅ የሰማው ቅጂ ከየት መጣ? ዩቲዩብ ላይ አንዱ የሬዲዮ ትረካ ገልብጦ ይጭናል፣ መግቢያው ላይ የራሱን ሙዚቃ ይለጥፋል፣ ማስታወቂያ ያስገባል፣ ሙሉ ይሁን የተቆራረጠ እንኳ አይናገርም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነው። ቁጠሩት፣ እስከ 2046 ዓ.ም. ይደርሳል። ተራኪውም የከዋኝነት መብት፣ ማለትም ሥራውን በድምፁ ያቀረበ ሰው መብት አለው። ለዓይነ ስውራን ግን መንገድ አለ፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የማራኬሽ ስምምነት መጻሕፍትን እነሱ በሚጠቀሙበት መልክ ለማዘጋጀት ነው የወጣው። ለማስታወቂያ ገንዘብ የሚጭነውን ሰውዬ አይሸፍነውም።

አስተማሪዋ፦ ሊብሪቮክስ የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለምን የቆዩ መጻሕፍት በነፃ ያነባሉ። መብቱ ያለፈበትን ብቻ ነው የሚነኩት። እኛ ጋ ይህ ልማድ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ሹፌሩ፦ አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። በኮምፒውተር ድምፅ የሚያስነብቡት። የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል፣ ልቅሶውንም ሠርጉንም በአንድ ድምፅ። ጠፍቶኝ ሳይሆን እልህ ይዞኝ ነው የማጠፋው።

አስተማሪዋ፦ እዚያ ላይ ነው የደራሲው ነጥቦች የሚያስፈልጉት! ማሽኑ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው። ወጋየሁ ግን ፊታውራሪ ሲቆጡ መቆጣታቸውን ያውቃል።

ነጭናጫው፦ በዚህ እስማማለሁ። በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነን። በሌላው አልተንቀሳቀስኩም። «ሰማሁት» ማለት ምን ያሳፍራል? ሰምቶ አንብቤያለሁ የሚል ሰው ራሱ ነው መስማትን ዝቅ ያደረገው።

በጆሮ አንባቢ፦ ይቺ ጥሩ ናት፣ ግን አትሠራም። ሥራ ቦታ «የትኞቹን መጻሕፍት አንብበሃል» ብለው ሲጠይቁኝ «የሰማኋቸው እነዚህ ናቸው» ልበል? እንዴት እንደሚያዩኝ አውቃለሁ።

ሕግ ቀመስ፦ አሳታሚዎቹ ራሳቸው መጽሐፉን ከነትረካው ቢሸጡ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። ሙሉ ቅጂ፣ ተራኪውም ወራሹም የሚከፈልበት።

ሹፌሩ፦ የሚሸጥ ካለ አሳዩኝ፣ ዛሬውኑ እከፍላለሁ። እስከዚያ ግን ከዩቲዩቡ ሰውዬ ጋር ነኝ፣ ቅር እያለኝም ቢሆን።