የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ የትኛው ነው ቀንዱ?

ሰላም ከአራት ኪሎ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የቀይ ባሕር ፎቶዎች መግለጫ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ ኑዲብራንች የሚባሉት ዛጎል የሌላቸው የባሕር ቀንድ አውጣዎች ጋ ስደርስ ሁለት ቃል ያዘኝ፣ ራይኖፎርና ሴራታ። ሴራታ በግሪኩ ቀንድ ማለት ነው፣ ራይኖፎር ደግሞ ሲያዩት ቀንድ ነው የሚመስለው። ሁለቱንም ቀንድ ብላቸው ምን ችግር አለው?

የፒያሳው ባዮሎጂ፦
እህቴ እባክሽ እንዳታደርጊው! ዝርያቸው የሚለየው እኮ በነዚሁ ነው፣ ስሙ ከተደባለቀ አንባቢው ፎቶውን እያየ ምኑን እንደሚፈልግ አያውቅም። ራይኖፎር ጭንቅላቱ ላይ ያሉት ጥንዶቹ ናቸው፣ ፍቺው አፍንጫ ተሸካሚ ነው፣ ሥራቸውም ማሽተት ነው። የግቢያችን ቀንድ አውጣ ግን ዐይኑ ያለው ረጃጅሞቹ ቀንዶቹ ጫፍ ላይ ስለሆነ ዝም ብለሽ ቀንድ ካልሽ ሰው በዚያ ያያል ብሎ ያስባል፣ ስለዚህ "ማሽተቻ ቀንድ" በዪው።

ሴራታ ጀርባው ላይ በረድፍ የሚበቅለው ነው፣ እኔ "የጀርባ ጣት" ነው የምለው። የሚገርመው ውስጡ የምግብ መፍጫው ቅርንጫፍ ይገባል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከበሉት እንስሳ የወሰዱትን ተናዳፊ ሴል ጫፉ ላይ አስቀምጠው ራሳቸውን ይከላከሉበታል! እነዚህ ኤዮሊድ ይባላሉ። ጣት ሳይኖረው ጀርባው ኋላ ላይ ፊንጢጣውን ከቦ እንደ አበባ የተዘረጋ ጊል፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበትን አካል፣ ካየሽ ዶሪድ ነው፣ ኑዲብራንች ማለትም ራቁት ጊል ነው። ሄክሳብራንከስ የሚባለው ትልቁ ቀይ ደግሞ ስሙ ራሱ ስድስት ጊል ማለት ነው። በቀለም ብቻ እንዳትለዪ፣ የማይዛመዱት ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ዝርያም መልኩ ይለያያል።

ፊደል ወዳጅ፦
ማንትል የሚሉትን ከላይ የለበሰውን "ካባ" ብትይው ያምራል።

የፒያሳው ባዮሎጂ፦
ካባ በጣም ጥሩ ነው! በተለይ ፊሊዲያ ለሚባሉት ኑዲብራንቾች፣ ጊሉ ጀርባው ላይ ሳይሆን ከካባው ጠርዝ ስር ነው ያለው፣ ከላይ ብቻ ካየሽው ጊል የሌለው ይመስልሻል። ፊሊዲያ ቫሪኮሳን ከዘመዶቹ ለመለየት ደግሞ እግሩን ከስር ማየት ይረዳል፣ መሀል ለመሀል ጥቁር መስመር አለው።

ሰላም ከአራት ኪሎ፦
ተባረክ ወንድሜ፣ ማሽተቻ ቀንድ፣ የጀርባ ጣት፣ ካባ ብዬ እጽፋለሁ። ፊሊዲያ ጀርባ ላይ ያሉትን ብጫ እብጠቶችስ ኪንታሮት ልበል?

ፊደል ወዳጅ፦
ኪንታሮት ካልሽ በሽታ ይመስላል፣ ጉብታ በዪ።