በክሪብሪፎርም (አፍንጫን ከአንጎል የሚለየው ቀጭን አጥንት) ላይ ላለ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነጻ ሙኮሳ (ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የሚለጠፍ የአፍንጫ ውስጥ ልባስ) ይበቃል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ምንም አደጋ ሳይደርስባት በቀኝ አፍንጫዋ ሲኤስኤፍ (የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ) የሚፈሳት፣ ክብደቷ ከባድ የሆነ ታካሚ አለች። ፈሳሹ ሲኤስኤፍ መሆኑን የሚለየው የቤታ-2 ትራንስፈሪን ምርመራ ፖዘቲቭ ነው። ሲቲው ክሪብሪፎርም ላይ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ ኤምአርአዩ ደግሞ ኤምፕቲ ሴላ (የፒቱታሪ ዕጢ ማረፊያ በፈሳሽ ተሞልቶ ባዶ መምሰሉ፤ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት መጨመር ምልክት ሊሆን ይችላል) ያሳያል። በኢንዶስኮፕ ስንዘጋ ነጻ ሙኮሳ ይበቃል ወይስ ናዞሴፕታል ፍላፕ (ከአፍንጫ መሃል ግድግዳ ከነደም ሥሩ የሚዞር ልባስ) ይሻላል?

መልስ 1፦ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ለሆነና ፍሰቱ ቀስ ላለ ቀዳዳ ነጻ ሙኮሳ ይበቃል። ፍላፑን ለድጋሚ ቀዶ ሕክምና አቆዩት። ወሳኙ የቦታው ዝግጅት ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ሙኮሳ 5 ሚሊሜትር ያህል ላጡና አጥንቱን ራቁቱን አስቀሩት። ከግራፍቱ (ከሚለጠፈው ሙኮሳ) ሥር ነባር ሙኮሳ ከቀረ ግራፍቱ አይጣበቅም፤ ቆይቶም ሙኮሲል (ንፍጥ የሞላበት ከረጢት) ይፈጠራል። ወደ አፍንጫ የወረደ የአንጎል ቲሹ ካለ በባይፖላር (በኤሌክትሪክ መተኮሻ) እስከ ግንዱ አኮማትሩት። ሳይተኮስ ከተቆረጠ የሚደማው ሥር ወደ ራስ ቅል ውስጥ ይሸሻል፤ ይህ በጣም አደገኛ ነው።

ክሪብሪፎርም ላይ ዱራውን (የአንጎልን ውጫዊ ሽፋን) ከአጥንቱ ለማላቀቅ አትታገሉ፤ የማሽተት ነርቮቹ ይበጠሳሉ። ግራፍቱን ከአፍንጫ በኩል ብቻ ማልበስ ይበቃል። ግራፍቱን ከአፍንጫ ወለል ውሰዱ፤ ስለሚኮማተር ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ። የሙኮሳውን ገጽ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ተገልብጦ ከተቀመጠ አይይዝም። ፋይብሪን ግሉ (የቲሹ ማጣበቂያው) ከግራፍቱ ላይ እንጂ ከሥሩ አይገባም።

መልስ 2፦ በዚህች ታካሚ ላይ የምፈራው ቀዳዳውን ሳይሆን የራስ ቅል ውስጥ ግፊቱን ነው። ፈሳሹ እየወጣ ሳለ የሚለካ ግፊት ውሸተኛ ኖርማል ሊሆን ይችላል። ከተዘጋ በኋላ በላምባር ፐንክቸር (በወገብ በኩል በሚገባ መርፌ) ለኩ፤ ከ25 ሴንቲሜትር ውኃ በላይ ከሆነ አሴታዞላሚድ (የሲኤስኤፍ መመንጨትን የሚቀንስ መድኃኒት) ይጀመር፣ የዓይን ነርቯም ይታይ። በመድኃኒት ካልወረደ ሻንት (ፈሳሹን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚያወርድ ቋሚ ቱቦ) ያስፈልጋል። ግፊቱ ካልታከመ ያው ቀዳዳ ይከፈታል፣ ወይም ሌላ ቦታ ይቀደዳል። ላምባር ድሬን (ፈሳሹን በወገብ በኩል ለጊዜው የሚያወጣ ቱቦ) ለሁሉም ታካሚ አያስፈልግም።

መልስ 3 (ከአነስቴዥያ)፦ የመተንፈሻ ቱቦው ከወጣ በኋላ በማስክ ግፊት አየር አትስጡ፤ አየር ወደ ራስ ቅል ይገባል። ሲፓፕ (በእንቅልፍ ጊዜ አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) የምትጠቀም ከሆነም ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አታስጀምሯት። ሳትስልና ሳታስመልስ እንድትነቃ አድርጉ። ከዚያ አልጋው በ30 ዲግሪ ቀና ይበል፣ ሰገራ ማለስለሻ ይታዘዝ፣ አፍንጫ መናፈጥ ክልክል ነው፣ ስታስነጥስም አፏን ከፍታ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቀዳዳውን ለማግኘት ፍሎረሲን (ፈሳሹን የሚያቀልም ማቅለሚያ) ብንጠቀምስ?

መልስ 1፦ ባለ 10 በመቶውን 0.1 ሚሊሊትር ብቻ ከራሷ 10 ሚሊሊትር ሲኤስኤፍ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ በወገብ በኩል መልሳችሁ ስጧት። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ያስነሳል። በደም ሥር የሚሰጠው፣ ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ይሁን፤ የዓይን ጠብታው ፈጽሞ አይሆንም። ለዚህ አገልግሎት የተፈቀደ ስላልሆነ የጽሑፍ ስምምነቷን አስቀድማችሁ ውሰዱ።