በምንከራየው አዳራሽ የእሳት አደጋ ስጋት ግምገማ የማን ግዴታ ነው?

የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ ወገኖች፣ ለንደን ውስጥ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። እሑድ እሑድና በበዓላት የምንሰበሰበው በኪራይ በያዝነው አሮጌ አዳራሽ ነው። ባለቤቱ ባለፈው ሳምንት የእኛን «ፋየር ሪስክ አሰስመንት» (የእሳት አደጋ ስጋት ግምገማ) በጽሑፍ እንድናቀርብለት ጠየቀን። ከኮሚቴው ግማሹ «ሕንፃው የእሱ ነው፤ እኛ ደመወዝተኛ እንኳ የለንም፤ ምን አገባን?» ይላል። በሌላ በኩል፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክት የተለጠፈበትን የኋላ በር ለሌሊት አገልግሎት ስንገባ በሰንሰለት ታስሮ የምናገኝበት ጊዜ አለ። ግዴታው የማን ነው? ባለሙያ መቅጠርስ የግድ ነው?

በሙያው ያለሁ፦
ክቡር ጸሐፊ፣ የኮሚቴው አነጋገር የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. የ2005 የእሳት ደኅንነት ድንጋጌ ኃላፊ የሚያደርገው ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ቦታውን በእጁ ይዞ የሚሠራበትንም ጭምር ነው፤ ሥራው ለትርፍ ይሁን አይሁን ልዩነት የለውም። ስለዚህ የኪራይ ውላችሁ ጥገናውን ለእናንተ ካልሰጠ በቀር የኤሌክትሪክ መስመሩና የማስጠንቀቂያ ደወሉ የባለቤቱ ጉዳይ ሲሆኑ፣ በእናንተ ሰዓት የሚለኮሰው፣ የሚደረደረውና የሚገባው ሰው ብዛት የእናንተ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ ግምገማው ሠራተኛ ኖረም አልኖረም ሙሉ በሙሉ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ በአንድ ሕንፃ ያሉ ኃላፊዎችም ማንነታቸውን፣ አድራሻቸውንና የየድርሻቸውን ወሰን እርስ በርስ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። ባለቤቱ ወረቀቱን መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እናንተም የእሱን የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ለቀላልና ለአነስተኛ ቦታ ግምገማውን ራሳችሁ ብትሠሩት ሕጉ አይከለክልም። ሆኖም ሕፃናትና አረጋውያን በሌሊት ጧፍ ይዘው የሚቆሙበትን አዳራሽ እኔ ቀላል አልለውም፤ በቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ላይ መጨከን እንዳይመስልብኝ እንጂ ባለሙያ ቅጠሩ እላለሁ። ሰንሰለቱን በተመለከተ ግን ግምገማውን አትጠብቁ። መውጫ በር ሰው ውስጥ ሳለ ወዲያውኑ የማይከፈት ሆኖ መታሰር የለበትም፤ ካልተፈታ አገልግሎቱን አትጀምሩ። ጥሰቱ ሰውን ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚያጋልጥ ሲሆን ቅጣቱ ጣሪያ ከሌለው መቀጮ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ይደርሳል።

የምግብ ቤት ባለቤት፦
ወንድሜ፣ እኔ ከኢንተርኔት ባወረድኩት ቅጽ ሁሉም ቦታ ላይ «አዎ» ብዬ ምልክት አድርጌ አስቀምጬ ነበር። በኋላ የመጣው ገምጋሚ ወረቀቱን ሳያይ «የቡናው ከሰል የት ይደፋል?» አለኝ። ከጓሮ ያለውን የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ አሳየሁት። ክዳኑን አንሥቶ በብረት ዘንግ አመዱን ሲገልጠው፣ የማታው ፍም ከሥር አሁንም ቀይ ነበር፤ የመጣያው ጎን ቀልጦ ወደ ውስጥ ተሸብሽቧል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አመዱ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ሆኖ ከግድግዳው ርቆ ድንጋይ ላይ ያድራል። የእንግሊዞቹ ቅጽ ስለ ጽና፣ ስለ ዕጣን፣ ስለ ጧፍና ነጠላ አይጠይቅም፤ እናንተ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

በሙያው ያለሁ፦
እኅቴ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ በሩን ለኩት። መንግሥት ለመሰብሰቢያ ቦታዎች ባወጣው መመሪያ፣ በመደበኛ ስጋት 75 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መውጫ ለ100 ሰው ያህል፣ 105 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ለ200 ሰው ያህል ይታሰባል፤ ስጋቱ ከፍ ሲል ቁጥሩ ይቀንሳል። ስሌቱም የሚጀምረው ትልቁ መውጫ በእሳት ተዘግቷል ብሎ ነው።

የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከዲያቆናቱ ጋር ሄደን ለካን። የኋላው በር 76 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፊቱም ከበሮዎቹንና የተደራረቡ ወንበሮችን ያኖርነው እኛው ራሳችን ሆነን ተገኘን። በትንሣኤ ሌሊት ከ250 በላይ ሆነን እንደምንቆም ለኮሚቴው ስነግር «ምን አገባን?» ያሉት ዝም አሉ። ወንበሮቹ ተነሥተዋል፤ ስለ ሰንሰለቱ ለባለቤቱ በደብዳቤ ጽፈናል፤ ገምጋሚም ቅዳሜ ይመጣል። ለዘንድሮ ፋሲካ ሰፋ ያለ አዳራሽ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመን።