«ለመኪና የተሠራ ሙዚቃ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለሸክላው፦
ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ሰውየው ለስቲሪዮው ያፈሰሰው ብር ያገለገለች ቪትዝ ይገዛል። እኔ የሮሊንግ ስቶንስን «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት» ሸክላ ይዤ ሄድኩ፤ ተከፈተ። ጭቃ! ጊታሩ፣ ፒያኖው፣ ትራምፔቱ አንድ ላይ ተቦክቷል፤ ዘፋኙ ጃገር ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚዘፍነው። ጋባዡ ሳቅ ብሎ «ይሄ ለመኪና የተሠራ ሙዚቃ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ አይሆንም» አለኝ በሰው ፊት። ወዲያው የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን (ያንን በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያ) ከፈተ፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ። ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። 40 ዓመት የሰማሁት ሙዚቃ ለመኪና ነው?

ኮንሶል፦
አይክፋህና ልክ ነው። ሮክ ሬዲዮ ላይ ከጎረቤቱ በልጦ እንዲጮህ ተብሎ ነው የሚሠራው። የሜታሊካን «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም ውሰድ፣ እ.ኤ.አ. 2008። ድምፁን እስከ ጣሪያ ገፍተው አናት አናቱን ከረከሙት። ያንኑ ሙዚቃ «ጊታር ሂሮ» የሚባለው ጌም ላይ የሰሙ አድናቂዎች «ከሲዲው ይልቅ ጌሙ ይተነፍሳል» ብለው ተነሱ፤ በሺዎች ፈርመው እንደገና ይሠራልን አሉ። ማስተሪንጉን (ከመታተሙ በፊት ያለውን የመጨረሻ ማስተካከያ) የሠራው ቴድ ጄንሰን ራሱ ሚክሱ (መሣሪያዎቹ ተቀላቅለው ያለቁት ቅጂ) እጁ ሲደርስ ቀድሞ ተጨፍልቆ እንደነበር ተናግሯል።

ሊሞ፦
ኮንሶል ወንድሜ፣ ሰውየው ስለ ጠላ ይጠይቅሃል አንተ ስለ አረቄ ትመልሳለህ። «ዴዝ ማግኔቲክ» አይደፈርስም፣ ይሰነጠቃል! ጆሮ ይቧጭራል። እሱ ያለው ድፍርስ ነው። ሁለት በሽታ፣ ሁለት መድኃኒት።

ኮንሶል፦
እሺ ሐኪሟ። ድፍርሱንም እነግርሻለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም ያማሃ ኤንኤስ 10 በምትባል ትንሽ ስፒከር ነበር የሚቀላቅለው፣ ነጭ ፊት ያላት። ከታች ያለውን ባስ እምብዛም አታሰማም። ስለዚህ ሚክስ አድራጊው ያልሰማውን ቆሻሻ አንተ ሳሎን ውስጥ ትሰማዋለህ። «ኤግዛይል» የዚህ ሰለባ ነው።

ሊሞ፦
ኤንኤስ 10 የወጣችው 1978። «ኤግዛይል» የወጣው 1972። ሳትወለድ ከሰስካት 😂

ኮንሶል፦
የጠቀስኩት ለምሳሌ ነው።

ሊሞ፦
ምሳሌህ ስድስት ዓመት ዘግይታ ነው የደረሰችው። ባለሸክላው፣ እኔ ልንገርህ። አብዛኛው የተቀዳው በ1971 ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ የባንዱ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ በተከራየው ቪላ ምድር ቤት ነው። ሙቀቱና እርጥበቱ ጊታሩን ከቅኝቱ ያወጣው ነበር። መቅጃ ዕቃው ደግሞ ግቢው ውስጥ በቆመ የጭነት መኪና ላይ ነው የተጫነው። ስለዚህ ለጋባዥህ ንገረው፤ ለመኪና ሳይሆን በመኪና የተሠራ ነው። ጃገር ራሱ በሚክሱ አልረካም፤ እኛ ግን ያንን ምድር ቤት እንወደዋለን።

ባለሸክላው፦
«በመኪና የተሠራ»! ይቺን ፍሬም አስገብቼ እወስድለታለሁ።

ዘጠነኛ ፎቅ፦
ሁላችሁም ቤቱን ረሳችሁት። ባለሸክላው፣ ያ ሳሎን ስንት በስንት ነው? አራት በአራት ከሆነ ነገሩ አለቀ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል። በአራት ሜትር ልዩነት በቆሙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ባስ ያሳብጠዋል፤ ርዝመቱና ወርዱ እኩል ከሆነ እብጠቱ እዚያው ላይ ይደረባል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ ስንት ነው? 41። የጊታሩስ? 82፤ የክፍሉ ሁለተኛ እብጠት 86። ሮክ ደግሞ ያቺን ክር ሳይነካ ውሎ አያድርም። ጊታሪስቱ በመታት ቁጥር ግድግዳው አብሮ ይጫወታል፣ ክሩ ዝም ካለ በኋላም ያጉረመርማል። የመኪናዋ ትንሽ ስፒከር እዚያ ታች ድረስ ስለማትወርድ ጣጣው አይነካትም። ዕቃው ጥሩ ስለሆነ ነው የደፈረሰው!

ባለሸክላው፦
ታዲያ ያው ክፍል ለሙላቱ ራራለት?

ዘጠነኛ ፎቅ፦
የቫይብራፎን ዝቅተኛ ኖታ 175 ኸርዝ ገደማ ነው። ከ43 ጋር ምን አገናኘው?

ሊሞ፦
የሙላቱ ባንድ ባስ የለውም እንዴ?

ዘጠነኛ ፎቅ፦
አለው፣ ግን ቦታ ይተዋል። እዚህ ሁለት ጊታር፣ ፒያኖ፣ ትራምፔት፣ ኮረስ፣ ሁሉም መካከል ላይ ተፋፍገው...

ኮንሶል፦
ይኸው! መጨረሻው ወደ ሚክሱ ተመለሰ። እኔ ምን አልኩ?

ሊሞ፦
አንተ ያልከው 1978 ነው።

ሚኒባስ ረዳት፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ሥራውን በትንሽ የመኪና ዓይነት ስፒከር እየፈተነ ነበር የሚያወጣው። ከዚያ በላይ «ለመኪና የተሠራ» ከወዴት ይመጣል? ግን የሞታውኑ ባሲስት የጄምስ ጄመርሰን ባስ ሳሎንም ውስጥ ቁልጭ ብሎ ነው የሚሰማው። መኪናን አትስደቡ። በዚያ ላይ ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ1988ቱ አልበሙ ባሱን እስከ መጥፋት ዝቅ አስደርጎት፣ በ2018 ዳግም ሲታተምም አልመለሰውም። ታዲያ ያ አልበም ከሁሉም የጠራ ነው ልትሉኝ ነው?

ዘጠነኛ ፎቅ፦
ባስ የሌለው ሙዚቃ ደረቅ ነው እንጂ ጥሩ ነው አላልኩም።

የእማማ ልጅ፦
ግድግዳው ላይ ጋቢ ስቀሉበት። እኛ ቤት ሠርቷል።

ዘጠነኛ ፎቅ፦
የ43 ኸርዝ ሞገድ ስምንት ሜትር ነው። ጋቢው ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ባሱን አይነካውም። ስፒከሩን ከጥግ አውጣው፣ አንተም ከግድግዳው ራቅ ብለህ ተቀመጥ።

የእማማ ልጅ፦
ለአራት ሜትር ሳሎን «ራቅ ብለህ ተቀመጥ»። በረንዳ ላይ ልውጣ?

ጋባዡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ግን ወዳጄ አንድ ነገር ዘሏል። ቮልዩሙን ሦስት ጊዜ ከፍ ያደረገው እሱ ነው። ሙላቱን የሰማነው ሰው እያወራበት ነው። ድምፅ በከፈትክ መጠን ደግሞ ጆሮህ ባሱን አብዝቶ ይሰማዋል። ስፒከሮቹም ጥግ ላይ አይደሉም።

ባለሸክላው፦
አንደኛው መጋረጃው ሥር ነው! በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋባዡ፦
መጋረጃ ጥግ አይባልም።

ዘጠነኛ ፎቅ፦
ይባላል።

ባለሸክላው፦
ለማንኛውም ሸክላዬ እዚያው ቀርቷል። መልስልኝ።

ጋባዡ፦
ምንጣፉ ላይ ያፈሰስከውን ቡና መጥተህ ስታጸዳ።